«ያልተማረ» ስለ ተባለው ጊታር መቺ

ስለ ጃንጎ ራይንሃርት የተጻፈውን የሚያነብ ሰው «ያልተማረ» የምትለውን ቃል ሳያገኝ ብዙ ገጽ አይገልጥም። አንዱ ጸሐፊ ይህን ጊታር መቺ ማንም እንዳላስተማረው ይነግረናል። ሌላው ሙዚቃ በዘሩና በደሙ ስለ ነበረች ትምህርት እንዳላስፈለገው ያትታል። ሌሎችም ከነዚህ አብልጠው ለማመስገን ሲሹ ከዱር ወፍ ጋር ያመሳስሉታል፤ ወፍ ዜማዋን ከማንም አልተማረችምና። እኛ ይህን ሁሉ እንደ ምስጋና ለመቀበል አልቻልንም። ሰው ሌሊትና ቀን ደክሞ ያገኘውን ነገር «እንዲሁ ተሰጠህ» ማለት ድካሙን መንጠቅ ነው፤ ያስተማሩትንም ሰዎች ስም ከመዝገብ መፋቅ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለመከራከር የተነሣነው በዚህች በአንዲት ቃል ላይ ነው።

አስቀድመን ሰውየውን ለማያውቁት አንባብያን እናስተዋውቅ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ጃንጎ ራይንሃርት በ1910 ጃንዋሪ 23 ቀን፣ ወላጆቹ በፈረስ የሚሳበውን የጋሪ ቤታቸውን ባቆሙባት ሊበርሺ በምትባል የቤልጅግ መንደር ተወለደ። ወገኖቹ ማኑሽ ይባላሉ፤ አውሮፓውያን በጅምላ ጂፕሲ ብለው ከሚጠሩት ሕዝብ አንዱ ክፍል ሲሆኑ፣ በፈረንሳይና በአጎራባች አገሮች ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወሩ፣ ዕቃ እየጠገኑ፣ እየሸጡና እየለወጡ፣ ሙዚቃም እየተጫወቱ የሚኖሩ ነበሩ። ጃዝ የተባለው የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ወደ አውሮፓ በገባ ጊዜ ጊታር ከኋላ ተቀምጦ ምት ከመጠበቅ በቀር ብዙ ክብር ያልነበረው መሣሪያ ነበር። ጃንጎ ግን ወደ ፊት አውጥቶ እንደ ጥሩምባና እንደ ክላሪኔት እንዲናገር አደረገው። በ1953 ሜይ 16 ቀን፣ ከፓሪስ በስተ ደቡብ በሴን ወንዝ ዳር በምትገኘው በሳሞይ ይኖር ሳለ፣ ገና በ43 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን እንግባ። ሙዚቃው ከደሙ የመነጨ ነው የሚሉት ሰዎች አንድ ነገር ይመልሱልን። ጃንጎ ጆዜፍ የሚባል በሁለት ዓመት የሚያንሰው ወንድም ነበረው። ሁለቱን የወለዱ አባትና እናት አንድ ናቸው፤ ያደጉበት የጋሪ ቤት አንድ ነው፤ የያዙት መሣሪያም አንድ ጊታር ነው። ጆዜፍ መልካም ሙዚቀኛ ሆነ፤ ዕድሜውን ሙሉ በጊታሩ እንጀራውን በላ፤ ታላቅ ወንድሙንም ለብዙ ዓመታት አጀበ። ነገር ግን ስሙን ከጃንጎ ስም ጋር አስተካክሎ የሚጠራ አንድም ሰው አላገኘንም። ደም ጃንጎን ጃንጎ ካደረገው፣ ያው ደም ጆዜፍን ስለ ምን ጆዜፍ ብቻ አድርጎ ተወው? ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ውሃ በአንዱ ማሰሮ ጠጅ፣ በሌላው ውሃ ሆኖ ከተገኘ፣ ልዩነቱን ከምንጩ መፈለግ ሞኝነት ነው።

መምህር አልነበረውም የሚለውም አባባል ከሐሰት አይርቅም። አባቱ ልዩ ልዩ መሣሪያ የሚጫወትና የዘመዶቹን የሙዚቃ ጓድ የሚመራ ሰው ነበር። ቤተ ሰቡ ከረዥም መንከራተት በኋላ በፓሪስ አሮጌ ምሽግ አጠገብ፣ «ዞን» በሚባለው የድኾች ሰፈር የጋሪ ቤቱን በተከለ ጊዜ ልጁ በመጀመሪያ ቫዮሊን ያዘ። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ ጎረቤት ባንጆና ጊታር ተዳቅለው የተሠሩበትን መሣሪያ ሰጠው። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ተአምር አይደለም። በሰፈሩ ጉስቲ ማልሃ የሚባል ስመ ጥር ባንጆ መቺ ነበረ፤ ፑሌት ካስትሮ የሚባል የተመሰገነ ጊታር መቺም ነበረ። ልጁ እነዚህን ታላላቆች እየተከተለ ጣቶቻቸው የት እንደሚያርፉ፣ እጃቸው እንዴት እንደሚወርድ ዐይኑን ሳይነቅል ይመለከት ነበር። የተመለከተውንም ወደ ጋሪው ተመልሶ እስኪሆንለት ድረስ ይደጋግመው ነበር። የአገራችንን የአዝማሪ ልጅ ከአባቱ ማሲንቆ ሥር ተቀምጦ ያየ አንባቢ ይህን ትምህርት ለመረዳት አይቸገርም።

የማኑሽ ቤት ትምህርት ሥርዓት አለው። ታላቁና ታናሹ ጉልበት ለጉልበት ተቀማምጠው ይጫወታሉ፤ ታላቁ አያብራራም፤ ታናሹ የሳተ እንደ ሆነ ያው ክፍል እንደገና ይመታለታል። ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ዜማ ማውጣትን ሳይሆን ማጀብን ነው። ሌላው ሲያዜም እርሱ ኮርዱን፣ ማለት በአንድነት የሚመታውን የድምፆች ኅብር፣ ምቱን ሳያጓድል ይዞ ይቀመጣል። ይህን የአመታት ዐይነት ፈረንሳዮች «ፖምፕ» ይሉታል፤ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ እንደ ማለት ነው። ከበሮ በሌለበት ጓድ ከበሮውን የሚተካ ይኸው ነው። ልጁ በዚህ ሥራ ዓመታት ሲያሳልፍ የዜማዎቹ ሁሉ አጥንት ከጣቱና ከጆሮው ጋር ይዋሐዳል። የአመታቱም ሕግ ጥብቅ ነው፦ ክንድ በጊታሩ ላይ ሳይጫን የእጅ አንጓ ጎበጥ ይላል፤ መምቻው ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ክር በተሻገረ ቍጥር ምቱ ከላይ ወደ ታች መጀመር አለበት። ይህን ሕግ ማንም በወረቀት አልጻፈላቸውም፤ የጣሰው ልጅ ግን ድምፁ ስለሚደክም ወዲያው ይታወቅበታል። ይህ ትምህርት ካልሆነ ትምህርት ምን እንደ ሆነ ይነገረን። በመሥሪያ ቤት የምንውል እኛ ማኅተም ያላረፈበትን ወረቀት እንጠራጠር ዘንድ ልማድ አለን፤ ልማዱም ለመዝገብ ቤት ይጠቅማል። የሰውን ጣት ለመመርመር ግን ማኅተም ምንም አያገለግልም።

ጃንጎ በአሥራ ሁለት ወይም በአሥራ ሦስት ዓመቱ ቬቴዝ ጌሪኖ ከሚባል አኮርዲዮን ተጫዋች ጋር በፓሪስ የሙዜት ጭፈራ ቤቶች ተቀጥሮ ይሠራ ጀመር። በዚህ ሥፍራ ትንሽ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ሙዜት የፓሪስ ሠራተኞች በማታ የሚጨፍሩበት ሙዚቃ ነው፤ ፈጣን ቫልስ ይበዛበታል። አኮርዲዮን ደግሞ ድምፁ ብርቱ ነው፤ የጫማው ኳኳታና የሰካራሙ ጩኸትም አለ፤ የድምፅ ማጉያም ገና አልተለመደም። በዚያ ሁሉ መካከል በባንጆ ሊሰማ የሚሻ ልጅ የቀኝ እጁን እንደ አንጥረኛ እጅ ማበርታት ግድ ይሆንበታል። ኋላ ዓለም ሁሉ የተደነቀበት ያ ጥርት ያለ፣ አዳራሹን የሚሞላ ድምፅ የመጣው ከዚያ ቤት ነው። ከዚሁ ከቫልስ የተማረውንም እናስተውል፦ የቫልሱ ዜማ የኮርዱን ድምፆች አንድ በአንድ እየበተነ ሽቅብና ቍልቍል ይሮጣል፤ ጃንጎ በጃዝ ውስጥ የሚሮጠው ሩጫ ይኸው ነው። በ1928 ከአኮርዲዮን ተጫዋቾች ጋር ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች አስቀረጸ። በአንደኛው ሸክላ ላይ ስሙ «ጂያንጎ ሬናር» ተብሎ ታተመ። ስሙን ራሱ መጻፍ የማይችል ልጅ ሌሎች እንደ ወደዱ ይጽፉለታል። በዚያው ዓመት ጃክ ሂልተን የተባለው ገናና የእንግሊዝ ኦርኬስትራ መሪ ሰምቶት ሊቀጥረው ፈለገ። «ያልተማረ» የተባለው ሰው በአሥራ ስምንት ዓመቱ የደረሰበት ደረጃ ይህ ነበር።

ነገር ግን ሎንዶን ሳይሄድ ቀረ። በዚያው በ1928 መጨረሻ ወራት አንድ ሌሊት የጋሪ ቤቱ ተቃጠለ። ሚስቱ ለገበያ የምታዘጋጃቸው ከሴሉሎይድ የተሠሩ አበቦች በጋሪው ውስጥ ተከምረው ነበርና የሻማ እሳት ሲነካቸው በአንድ አፍታ ነደዱ። ጃንጎ ከቀኝ እግሩና ከግራ እጁ ክፉኛ ተቃጠለ። ሐኪሞች እግሩን ለመቍረጥ ቢያስቡ እርሱ አይሆንም አለ፤ እግሩም ዳነ። ከግራ እጁ ግን ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ተኮማትረው ቀሩ። ወንድሙ ጆዜፍ ጊታር አመጣለት። አንድ ዓመት ተኩል ያህል በሕመም ሲቆይ ጃንጎ እጁን እንደ አዲስ ማስተማር ጀመረ።

ይህን ታሪክ የሚተርኩት ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚሳሳቱት በዚህ ሥፍራ ነው። «በሁለት ጣት የሚጫወት ተአምረኛ» ይላሉና ያልፋሉ። በሕመም አልጋ ላይ የተሠራውን የአእምሮ ሥራ ለምን ዘለሉት? አራት ጣት ያለው ሰው እጁን በአንድ ሥፍራ አሳርፎ ከክር ወደ ክር እየተሻገረ ብዙ ድምፅ ያገኛል። ሁለት ጣት ብቻ የቀረው ሰው ግን ይህ አይሆንለትም፤ በጊታሩ አንገት ላይ ሽቅብና ቍልቍል መገስገስ አለበት። ስለዚህ ጃንጎ የአንገቱን ካርታ ከመጀመሪያው እንደገና ነደፈ። የጣቶቹ አቀማመጥ በየሦስት ክፍፍሉ ሳይለወጥ የሚደገምባቸውን ኮርዶች መረጠ፤ እንዲህ ያለውን ኮርድ ለመበተን ሁለት ጣት ይበቃልና። አንዱን ጣት እያንሸራተተ ጎን ለጎን ያሉትን ድምፆች ሁሉ እንደ ዶቃ ደረደራቸው። ሁለት ክሮችን በአንድነት እየያዘ ያንኑ ድምፅ በቀጭንና በወፍራም አስተጋባው። የተኮማተሩትንም ጣቶች አልጣላቸውም፤ በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ አሳርፎ ለኮርድ አገለገለባቸው። እያንዳንዱ መፍትሔ ታስቦ፣ ተሞክሮ፣ ብዙ ጊዜም ከሽፎ የተገኘ ነው። መሐንዲስ ድልድዩ ቢፈርስበትና በተረፈው እንጨት ሌላ ድልድይ ቢሠራ «ተአምር» ብለን አንሸኘውም፤ ስለ ስሌቱ እንጠይቀዋለን።

ከእሳቱ በኋላም ትምህርቱ አላበቃም። በ1931 ጃንጎና ወንድሙ በቱሎን ከተማ ይዞሩ ሳለ ኤሚል ሳቪትሪ የሚባል ሠዓሊ ወደ ቤቱ አስገብቶ የአሜሪካን ሸክላዎች አሰማቸው። ሉዊ አርምስትሮንግና ዱክ ኤሊንግተን፣ ደግሞም ቫዮሊን መቺው ጆ ቬኑቲና ጊታር መቺው ኤዲ ላንግ በነዚያ ሸክላዎች ላይ ነበሩ። ጃንጎ በአርምስትሮንግ ጥሩምባ እጅግ ተነካ። ነገር ግን መነካት ብቻውን ማንንም ሙዚቀኛ አላደረገም። ሸክላው እየተመለሰ እየዞረ አርምስትሮንግ ከምቱ ትንሽ ዘግየት ብሎ እንዴት እንደሚገባ፣ አንዲቱን ድምፅ እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ ጆሮ ሰጥቶ መመርመር ያስፈልግ ነበር። የቱሎኑ ሠዓሊ ዕውቀቱን ሳይሆን ሸክላውን አበደረ፤ መምህሩ ከባሕር ማዶ ያለ ሰው ነበር፤ ተማሪው ግን ተምሮ ወጣ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1934፣ ጃንጎ ከቫዮሊን መቺው ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር የፈረንሳይ ሆት ክለብ ኲንቴት የተባለውን ጓድ መሠረተ። ከጃንጎ ጋር ጆዜፍና ሮዤ ሻፑት በጊታር፣ ሉዊ ቮላ በባስ ነበሩ፤ ከበሮም ጥሩምባም አልነበራቸውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገርመናል። ግራፔሊ በልጅነቱ ቫዮሊኑን ይዞ በየመንገዱና በየግቢው እየተጫወተ ሳንቲም የለቀመ ሰው ነው፤ በዝምታ ፊልም ቤትም ፒያኖ መትቷል። ነገር ግን በመካከሉ ጥቂት ዓመት በፓሪስ ኮንሰርቫቶር ስለ ተቀመጠ እርሱን «የተማረ»፣ ጓደኛውን «ያልተማረ» ብለው ይለዩአቸዋል። ሸክላውን ሰምቶ ከሁለቱ የትኛው ትምህርት እንደ ጎደለው በጆሮው የሚለይ ሰው ቢኖር ይምጣና ያሳየን።

ኮንሰርቫቶሩን የጠቀስን እንደ ሆነ የበሩን ነገር እንናገር። ጃንጎ ከትምህርት ቤት የቀረው ነጻ መንፈስ ስለ ነበረው ነው እየተባለ ይጻፋል። ይህ ለልብ ወለድ ያምራል። እውነቱ ግን በ1912 የፈረንሳይ መንግሥት ያወጣው ሕግ ለተንከራታቾች መታወቂያ ደብተር እንዲታደል አዘዘ፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ደብተሩን ይዞ በደረሰበትና በለቀቀበት ቀበሌ ሁሉ ማስፈረም ነበረበት። በደብተሩ ውስጥ የራስ ቅሉ ርዝመትና ስፋት፣ የቀኝ ጆሮው ርዝመት፣ የግራ እግሩም ልክ ይጻፍ ነበር። የግራ እጁ የመካከለኛውና የትንሿ ጣት ርዝመትም ይጻፍ ነበር። ሹማምንቱ የማኑሽን የግራ ጣት በሚሊሜትር ለኩት፤ ያ ጣት ምን እንደሚያውቅ የሚጠይቅ ዐምድ ግን በደብተሩ ውስጥ አልነበረም። ይህ ሕግ እስከ 1969 ድረስ ሠርቷል። ከየመንደሩ የሚባረር ቤተ ሰብ ልጁን በየትኛው ትምህርት ቤት በር ያቁመው?

የባሰም መጣ። በ1940 ኤፕሪል ወር የፈረንሳይ መንግሥት ተንከራታቾችን ከቦታቸው እንዳይንቀሳቀሱ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ጀርመኖች በያዙት ግዛት ያሉት ሁሉ በካምፕ እንዲታጐሩ አዘዙ። ከካምፖቹ አንዱ ሞንትረይ ቤሌ ይባላል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እንኳ የመጨረሻዎቹ እስረኞች የተለቀቁት በ1946 ነው፤ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ፍራንስዋ ኦላንድ በዚያው በሞንትረይ ቤሌ ተገኝተው የመንግሥታቸውን ኀላፊነት ያመኑት ደግሞ በ2016 ነው። በቀረው አውሮፓ የናዚ መንግሥት የዚህን ሕዝብ ልጆች በመቶ ሺሕ እየቈጠረ ፈጀ። ጃንጎ በዚያ ዘመን በፓሪስ ዝናው ስለ ገነነ መድረክ አላጣም፤ በ1940 ያስቀረጸው «ደመናዎች» የተባለው ዜማ በያለበት ይሰማ ነበር። ሆኖም በ1943 ወደ ስዊስ ለመሸሽ ሞክሮ ሳይሆንለት ተመለሰ። እንግዲህ «የነጻነት ልጅ» የሚለውን ቅጽል ለእንዲህ ያለ ሕይወት የሚሰጡ ጸሐፊዎች ቃሉን ከየት እንዳገኙት አናውቅም።

ይሁን እንጂ የተቃዋሚዎቻችንን ብርቱ ነጥብ ሸሽገን አናልፍም። ጃንጎ ኖታ ማንበብም መጻፍም አይችልም ነበር፤ ፊደልም የቈጠረው ካደገ በኋላ፣ ያውም ጥቂት፣ በግራፔሊ ርዳታ ነው። ይህ ጉዳት አልነበረውም የሚል ካለ እኛ ከእርሱ ጋር አንቆምም። በጦርነቱ ዘመን ትልልቅ ድርሰት ሊደርስ ባሰበ ጊዜ ሐሳቡን በጊታር እየመታ ሌላ ሰው፣ ክላሪኔት ተጫዋቹ ዤራር ሌቬክ፣ በወረቀት ያሰፍርለት ነበር። ለወገኖቹ መታሰቢያ ሊሆን የጀመረው የቅዳሴ ዜማም ሳይፈጸም ቀርቷል። ኖታ ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት ይፈጽመው ነበር። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ጃንጎ አልተማረም ማለት አይደለም፤ ከሁለት ትምህርቶች አንዱን ተምሮ ሁለተኛው ተከለከለ ማለት ነው። «አላስፈለገውም» እና «አላገኘም» የሚሉት ሁለት ቃላት ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። የመጀመሪያው በሩን የዘጋውን ሰው በነጻ ያሰናብተዋል።

በሌላ ወገን ደግሞ የጃንጎን ስም ለስንፍናቸው መጋረጃ የሚያደርጉ ወጣቶች አሉ። ጊታር ከገዙ ገና ወር ሳይሞላቸው «ጃንጎም ኖታ አያውቅም» ይሉናል። ለነዚህ ብዙ ቃል አናባክንም። ጃንጎ ኖታ ባለማወቁ አልተመሰገነም፤ እነርሱም በዚህ ብቻ ቢመስሉት ምንም አልመሰሉትም። የቀረውን ሊመስሉት ከወደዱ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ከጭፈራ ቤት አኮርዲዮን ጋር ሌሊቱን ሙሉ ይታገሉ፤ ከዚያም በተቃጠለ እጅ እንደገና ይጀምሩ።

ከጃንጎ በኋላ የሆነውም የእኛን ነገር ይመሰክራል። ሙዚቃው በደም የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ ከማኑሽ ወገን ያልሆነ ሰው ሊነካው ባልቻለም ነበር። ዲዝ ዲዝሊ የሚባለው ጊታር መቺ ከጂፕሲ ወገን አይደለም፤ ሸክላዎቹን እየሰማ፣ ጣቱን እያስለመደ ሥራውን ተማረና በ1973 ግራፔሊን በጊታር እያጀበ ያንን ሙዚቃ ለአዲስ ትውልድ አሰማ። በዚያው ወራት በአልሳስ አውራጃ፣ ሱፍለንሃይም በምትባል ከተማ፣ ቢሬሊ ላግሬን የሚባል በ1966 የተወለደ የማኑሽ ልጅ ጊታር ታቅፎ ይውል ነበር። በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ ጀምሮ በ1980 ገና በ13 ዓመቱ የጃንጎን ስም በርእሱ የያዘ የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። የሰሙት ሁሉ ወደ ለመዱት የደምና የተአምር ወሬ ተመለሱ። ልጁ ግን ካደገ በኋላ የጃንጎን ሙዚቃ ትቶ ለብዙ ዓመታት በኤሌክትሪክ ጊታር ከአሜሪካኖች ጋር ሌላ ሙዚቃ ተጫወተ፤ ያንንም እንደ ቀድሞው አሳምሮ ያዘው፤ በ2001 ደግሞ ወደ መጀመሪያው ሙዚቃ በገዛ ፈቃዱ ተመለሰ። ደም እንዲህ አይሄድም፣ አይመለስም፤ የሚሄደውና የሚመለሰው የተማሩት ቋንቋ ነው። ቢሬሊ ይህን ቋንቋ በመጀመሪያ የሰማው በቤቱ ነው፤ አባቱ ጊታር መቺ ነበረ፤ ስሙም ፊሶ ላግሬን ይባላል።